ከሁለቱ የሚኒ «ጂፒ» መኪኖች የትኛው ገንዘብ ይይዛል?

መኪና ገዝቶ ጥቂት ዓመት ነድቶ ከገዙበት ዋጋ በላይ መሸጥ ለአዲስ አበባ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ዲኤክስ ኮሮላም ሆነ ቪትዝ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ዋጋቸው ሲወጣ የታየው መኪኖቹ ልዩ ስለሆኑ ሳይሆን የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና ቀረጡ ተደማምረው አቅርቦቱን ስላጠበቡት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ አንድ አዲስ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣ ማግስት ዋጋው መውረድ ይጀምራል፤ አሥር ዓመት ሲሞላውም ከተገዛበት ዋጋ የሚቀረው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። ከዚህ ሕግ የሚያመልጡት መኪኖች ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚያ መካከል በተመጣጣኝ ገንዘብ ሊገዙ የሚችሉት ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት ናቸው።

በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ከተማ የሚመረተው ሚኒ «ጆን ኩፐር ወርክስ ጂፒ» በሚል ስያሜ ያወጣቸው ሁለት ትውልዶች ከእነዚህ ጥቂቶች ይመደባሉ። የመጀመሪያው በ2006፣ ሁለተኛው በ2012 መጨረሻና በ2013 ለገበያ ቀረቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዳቸው የተመረቱት 2,000 ብቻ ነው። ሁለቱም ባለሁለት ወንበር ናቸው፤ ሁለቱም በእጅ ማርሽ ብቻ ይነዳሉ፤ ሁለቱም 1.6 ሊትር ሞተር አላቸው፤ ጉልበታቸውም በወረቀት ላይ እኩል 218 የፈረስ ጉልበት ነው። ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎች ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ገዥው ግራ ቢጋባ አያስገርምም። በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ትርፍ ገንዘቡን እንዲህ ባለ መኪና ላይ ለማዋል የሚያስብ ወገን የልዩነቱን ምንጭ ሳያጣራ ቢገባበት በቀላሉ የማይመለስ ገንዘብ ሊያስር ይችላል።

ስሙ ከየት መጣ?

«ሆት ሃች» የሚባለው የመኪና ዓይነት የተራ ቤተሰብ አውቶሞቢል ሆና የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና ተወስዳ ጠንከር ያለ ሞተር፣ ጠበቅ ያለ ሾክ አብዞርበርና የተሻለ ፍሬን ሲገጠምላት የሚገኘው ነው። ቮልስዋገን በ1976 ለሽያጭ ያቀረበው ጎልፍ ጂቲአይ ለዚህ ዓይነቱ መኪና መጠሪያና መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ሚኒ ግን ከዚያም በፊት በዚሁ መንገድ ሄዷል። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር፣ ድርጅቱ በ1959 እና በ1960 የፎርሙላ 1 የአምራቾች ሻምፒዮና ያሸነፈለት ሰው፣ በ1961 በትንሿ ሚኒ ላይ ስሙን አኖረ። ሚኒ ኩፐርም የሞንቴ ካርሎን የረዥም መንገድ ውድድር በ1964፣ በ1965 እና በ1967 ሦስት ጊዜ አሸነፈች። ቢ ኤም ደብሊው የሚኒን ስም ይዞ በ2001 አዲሷን መኪና ሲያወጣ አብሮ ያገኘው ትልቁ ሀብት ይኸው ታሪክ ነበር። «ጂፒ» የሚለውም «ግራንድ ፕሪ» ከሚለው የተወሰደ ነው።

የመጀመሪያው ጂፒ በሦስት አገር የተሠራ ነው

በ2006 የወጣው ጂፒ የመጀመሪያው የቢ ኤም ደብሊው ሚኒ ኩፐር ኤስ ትውልድ (በባለሙያዎች አጠራር «አር 53») ሊያበቃ ሲል የተዘጋጀ መሰናበቻ ነበር። ሞተሩ ቢ ኤም ደብሊውና ክራይስለር በሽርክና ብራዚል ውስጥ ካቋቋሙት የትራይቴክ ፋብሪካ የመጣ ሲሆን፣ አካሉ ኦክስፎርድ ተሠርቶ ወደ ጣሊያን ቱሪን አጠገብ ወደምትገኘው ግሩሊያስኮ ይላክና በታዋቂው የቤርቶኔ ፋብሪካ በእጅ ይጠናቀቅ ነበር። የኋላ ወንበር ወጣ፤ የድምፅ መከላከያው ተቀነሰ፤ የኋላ እግሩን የሚይዙት ክንዶች በአሉሚኒየም ተተኩ፤ ክብደታቸው የቀለለ ባለ 18 ኢንች ቸርኬዎች ተገጠሙ። ቀለሙ አንድ ብቻ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ጣራው ብርማ፣ የጎን መስታወቶቹ ቀይ ናቸው። የእያንዳንዱ መኪና ተራ ቁጥርም ጣራው ላይ ተለጥፏል።

ቤርቶኔ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ወድቆ ፋብሪካው በ2009 ወደ ፊያት እጅ ገባ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጂፒ ማንም ሊደግመው የማይችል የትውልድ ወረቀት አለው ማለት ይቻላል። በውሱን ቁጥር የሚወጡ መኪኖች ብዙዎቹ የቀለምና የተለጣፊ ጉዳይ ብቻ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ገዥዎችም ይህን ስለሚያውቁ ዓመታት ሲያልፉ ለተለጣፊ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍሉም። እዚህ ግን አካሉም፣ የሚሠራበት ቦታም፣ ዕቃዎቹም የተለዩ በመሆናቸው «ውሱን» የሚለው ቃል ክብደት አለው።

218 እና 218

ሁለቱ ሞተሮች በጉልበት እኩል ናቸው ቢባልም ጉልበቱን የሚሰጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ገዥዎችን በሁለት ጎራ የከፈለውም በዋናነት ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ጂፒ ሱፐርቻርጀር አለው። ይህ መሣሪያ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይሽከረከርና አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። ከሞተሩ ዙር ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ ምላሹ ወዲያው ነው፤ ጉልበቱ ግን ጫፍ የሚደርሰው ሞተሩ በደቂቃ 7,100 ዙር ሲዞር ነው። የማዞር ኃይሉም 250 ኒውተን ሜትር ሆኖ የሚገኘው 4,600 ዙር ላይ ነው። በሌላ አነጋገር ሞተሩን ማስጮህ የግድ ነው። ሲጮህ የሚያሰማው ቀጭን ፉጨትም፣ ለሌላ ሰው ጉድለት ቢመስልም፣ ለወዳጆቹ ከመኪናው ዋጋ የማይነጠል ነገር ሆኗል።

ሁለተኛው ጂፒ (የ«አር 56» ትውልድ) ተርቦ አለው። ተርቦ የሚሽከረከረው በቺንጋ ሳይሆን ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ግፊት ነው። ሞተሩ ቢ ኤም ደብሊው ከፔዦ ሲትሮየን ድርጅት ጋር አብሮ ካዘጋጃቸው ሞተሮች አንዱ ሲሆን፣ 260 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ለአጭር ጊዜ ደግሞ እስከ 280 ይደርሳል። ኃይሉ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሚገኝ ከተማ ውስጥም ሆነ ዳገት ላይ ማርሽ መለዋወጥ ሳያበዛ ይሄዳል። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የመጀመሪያው 6.5 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 6.3 ሰከንድ ይወስድባቸዋል፤ የመጨረሻ ፍጥነታቸውም 240 እና 242 ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብቻ ቢቆም ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም።

ልዩነቱ የሚታየው ኩርባ ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ በሚገኘው የኑርበርግሪንግ ጎዳና ላይ ሁለተኛው ጂፒ አንዱን ዙር በ8 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ የጨረሰ ሲሆን፣ ይህም ከመጀመሪያው በ19 ሰከንድ ገደማ የፈጠነ ነው። ይህን ያመጡት ፊት ለፊት የተገጠሙት ባለ ስድስት ፒስተን ፍሬኖች፣ ከፍታቸው እስከ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሊደረግ የሚችል ሾክ አብዞርበሮች፣ ለዚሁ መኪና ተብሎ የተዘጋጁ የኩምሆ ጎማዎችና ከሥር በኩል አየሩን የሚያስተካክለው ሽፋን ናቸው። ኩባንያው በወቅቱ እንዳስታወቀው የኋላውን አካል ወደ ላይ የሚያነሣው የአየር ግፊት በ90 በመቶ ቀንሷል። ባጭሩ እንደ መሣሪያ ሁለተኛው የተሻለ ነው። ይህን የሚክድ የመጀመሪያው ጂፒ ባለቤት ካለ ወይ ሁለተኛውን አልነዳም፣ ወይ መኪናውን ለመሸጥ እያሰበ ነው።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ቀርቷል። የመጀመሪያው ጂፒ የፊት ሁለቱ ጎማዎች ጉልበቱን እንዲካፈሉ የሚያስገድድ ሜካኒካዊ ዲፈረንሻል አለው። አንዱ ጎማ መሬት ለቆ ሲሽከረከር ዲፈረንሻሉ ራሱ ኃይሉን ወደ ሌላው ያሻግራል። ሁለተኛው ጂፒ ይህ የለውም። በምትኩ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ዘዴ አለ፤ የሚሽከረከረውን ጎማ ፍሬን ይዞ ያቆመዋል። ሥራው ያስኬዳል፤ ሰዓቱም ይመሰክራል። ሆኖም ብረት ለሚወድ ሰብሳቢ ኮምፒዩተር የፍሬን ሸራ እየበላ የሚሠራው ሥራና ጥርስ በጥርስ ላይ የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። በገበያው ላይ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ዋጋን በእርግጥ የሚነካው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም የሰብሳቢ ገበያ የሚከፍለው ለፍጥነት ሳይሆን ዳግም ለማይመጣ ነገር ነው።

ዋጋው ተመልሷል ማለት አትርፏል ማለት አይደለም

የመጀመሪያው ጂፒ በእንግሊዝ አዲስ ሲሸጥ ዋጋው 22,000 ፓውንድ ነበር። ሁለተኛው 28,790 ፓውንድ ነበር። አንዳንድ ደላሎች «የተገዛበትን ዋጋ ይዟል» የሚለውን አነጋገር እንደ ትልቅ ማስረጃ ሲያቀርቡት ይሰማል። ይህ አነጋገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። በእንግሊዝ አጠቃላይ የዋጋ ደረጃ ከ2006 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። በመሆኑም በ2006 በ22,000 ፓውንድ የተገዛ መኪና ዛሬም በ22,000 ቢሸጥ፣ ገንዘቡ ከመግዛት አቅሙ ከሲሶ በላይ አጥቷል። መኪናው እውነተኛ ዋጋውን ጠብቋል ለማለት ቢያንስ ከ33,000 ፓውንድ በላይ ማውጣት ይኖርበታል። የሁለተኛው ጂፒ ባለቤትም በ2013 ከከፈለው ላይ ከሲሶ በላይ ጨምሮ ካልሸጠ የኪሳራውን መጠን ሊያስላ ይገባዋል።

ይህ የመጀመሪያውን ገዥ የሚመለከት ነው። አሁን የሚገባው ገዥስ? ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው አንዱን ጂፒ በ20,000 ፓውንድ ገዝቶ አምስት ዓመት ሊያቆየው አሰበ እንበል። ለመድን፣ ለጋራዥ ኪራይ፣ ለሰርቪስና ለዓመታዊ ምርመራ በዓመት 1,800 ፓውንድ ቢያወጣ በአምስት ዓመት 9,000 ይሆናል። ያው 20,000 ፓውንድ በባንክ በዓመት 4 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት ኖሮ ደግሞ 24,333 በሆነ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ መኪናው ከ33,000 ፓውንድ በላይ ካልተሸጠ ባለቤቱ አላተረፈም። ይህም ማለት ዋጋው በአምስት ዓመት ውስጥ በሁለት ሦስተኛ መጨመር አለበት። እንዲህ ያለ ጭማሪ የማይሆን ነገር ባይሆንም የተለመደ ነው ብሎ ሊዋዋል የሚችል ሻጭ አይገኝም።

ስለዚህ ከሁለቱ አንዳቸውም፣ ተሸፍኖ ጋራዥ ውስጥ ለሚቀመጥ ንጹሕ ኢንቨስትመንት፣ ከወለድ የተሻሉ መሆናቸው አጠያያቂ ነው። ሒሳቡ የሚስተካከለው ባለቤቱ በመኪናው ሲጠቀምበት ነው። ሌላ መኪና ቢገዛ ኖሮ በዋጋ መውረድ ያጣው የነበረውን ገንዘብ እዚህ አያጣም፤ ትርፉ ያ ነው። የሚነዳ መኪና ደግሞ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ ኪሎ ሜትር በቆጠረ ቁጥር ሰብሳቢው ይሸሻል። ይህን መሃከል ማግኘት የሁሉም ባለቤቶች ራስ ምታት ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር በእንግሊዝ ሕግ አለ። አንድ ግለሰብ የግል መኪናውን ሸጦ ቢያተርፍ የካፒታል ዕድገት ግብር አይከፍልም፤ ሕጉ መኪናን በጊዜ ብዛት እንደሚያልቅ ንብረት ስለሚቆጥረው። መኪና እየገዛ መሸጥን ሥራው ያደረገ ነጋዴ ግን ትርፉ እንደ ማንኛውም የንግድ ገቢ ይታሰብበታል።

2,000 የሚባለው ቁጥር

2,000 የሚለው የተመረቱበት ቁጥር እንጂ ዛሬ በሕይወት ያሉበት አይደለም። እነዚህ መኪኖች ለፍጥነት ተብለው የተሠሩ በመሆናቸው የተጋጩም፣ በእሽቅድምድም ሜዳ ያለቁም አሉ። ከዚያም በላይ መኪኖቹ በአንድ ገበያ አልተሸጡም። ከመጀመሪያው ጂፒ ለእንግሊዝ የደረሰው 459፣ ለአሜሪካ የደረሰው 415 ነው። ከሁለተኛው ለአሜሪካ የተመደበው 500 ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የሚፈልግ ሰው እየመረጠ ያለው ከ2,000 ሳይሆን ከ459 ውስጥ፣ ከእነዚያም ከተረፉት፣ ከተረፉትም ባለቤቱ ሊሸጥ ከፈቀደው ነው።

ሦስተኛ ጂፒም መጥቷል። በ2020 የወጣው ይህ መኪና 306 የፈረስ ጉልበት ያለው ሲሆን የተመረተው 3,000 ነው። ከሁለቱ ቀዳሚዎች በብዙ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ማርሹ አውቶማቲክ ብቻ ነው። ለገበያው ትልቁ ዜና ፍጥነቱ አልነበረም። በዚያች ቀን ሁለተኛው ጂፒ የመጨረሻው ባለ እጅ ማርሽ ጂፒ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን የያዙ ሰዎች ሳያስቡት ያገኙት ስጦታ ነው።

ከመክፈል በፊት

የመጀመሪያውን ጂፒ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት መኪናው እውነተኛ ጂፒ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የጂፒው ፓራውልት፣ የጎን ቀሚስና የኋላ ክንፍ በተራ ኩፐር ኤስ ላይ ተገጥመው የሚነዱ መኪኖች ጥቂት አይደሉም። ሁሉም ባለቤቶች ለማታለል አስበው ያደረጉት ባይሆንም መኪናው ሦስትና አራት እጅ ሲተላለፍ ታሪኩ ይጠፋል። የጣራው ቁጥር፣ የሻንሲው ቁጥርና የባለቤትነት ደብተሩ መስማማት አለባቸው። ጣራው እንደገና ቀለም ተቀብቶ ቁጥሩ የጠፋ ከሆነ መኪናው ለምን እንደተቀባ መጠየቅ የግድ ነው።

ቀጥሎ ሱፐርቻርጀሩ ነው። በውስጡ ያሉት ጥርሶች በትንሽ ዘይት ይሠራሉ፤ ፋብሪካው ይህ ዘይት ለዕድሜ ልክ እንዲበቃ ቢያስብም በተግባር ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል። ችግሩ የሱፐርቻርጀሩ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ጭምር የሚዞረው ከዚሁ ሱፐርቻርጀር ጀርባ በሚወጣ ጥርስ ነው። ያ ጥርስ ሲያልቅ ውኃው መዞር ያቆማል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ነጂው ፈጥኖ ካልቆመ ቴስታታው ይጣመማል። ስለዚህ ሱፐርቻርጀሩ ወርዶ ዘይቱ መቀየሩን የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ያለው መኪና፣ ከሌለው መኪና ይልቅ ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠየቅበት ተገቢ ነው። የሱፐርቻርጀሩ መዘውር በትንሽ ተቀይሮ ጉልበት ተጨምሮበት ከሆነ ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ይቀንሳል፤ የቀድሞው መዘውር አብሮ ተቀምጦ ካልተሰጠ በቀር።

ኮፈኑ ተከፍቶ የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ላሜራ መታየት አለበት። ጉድጓድ ላይ በኃይል የወደቀ መኪና ይህ ላሜራ እንደ እንጉዳይ ወደ ላይ ያብጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የመሪ ፓምፕ፣ የዘይት ማጣሪያው ጉርኒሲዮን፣ ከሥር በኩል ያለው ዝገት፣ እነዚህ ሁሉ የዘመኑ ሚኒዎች የጋራ በሽታ ናቸው። መድኃኒታቸውም ስለሚታወቅ ዋጋ ለማስቀነስ ይረዱ እንደሆነ እንጂ የሚያስሸሹ አይደሉም። የጂፒው ብቻ የሆኑት የአካል ክፍሎች ግን ሲሰበሩ በቀላሉ አይተኩም፤ አነስተኛ ግጭት ያለበት ጂፒ ከትልቅ የሞተር ጥገና የበለጠ ሊያስወጣ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለተኛው ጂፒ ላይ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ሞተሩ ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ ሲነሣ መደመጥ አለበት። የካቴናው መወጠሪያ ከደከመ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚንኳኳ ድምፅ ያሰማል። ሻጩ ገዥው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን ተመልሶ መምጣት ይሻላል። ይህ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥባቸው ቤንዚን የለም፤ ጥላሸት ይከማችባቸዋል። ባለሙያዎች ይህን ጥላሸት የሚያስወግዱት የተፈጨ የዋልነት ልጣጭ በአየር ግፊት በመርጨት ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቤት ውኃ ማፍሰሱም የተለመደ ነው። የዘይቱ መጠን በመለኪያው ታይቶ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ከሆነ፣ የሻጩ ንግግር የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ስለ አያያዙ የሚናገረው መለኪያው ነው። ጨው በሚበተንባቸው አገሮች ክረምቱን የተነዳ መኪና የሾክ አብዞርበሮቹ ማስተካከያ ጥርሶች ዝገው ሊጣበቁ ይችላሉ፤ የሚስተካከል የተባለውም የማይስተካከል ሆኖ ይቀራል።

በእንግሊዝ የሚገዛ ሰው የመኪናውን የዓመታዊ ምርመራ ታሪክ የሰሌዳ ቁጥሩን ብቻ ይዞ በመንግሥት የመረጃ አገልግሎት ያለክፍያ ማየት ይችላል። በየዓመቱ የተመዘገበው ኪሎ ሜትርም፣ የወደቀበት ጉድለትም እዚያው ሰፍሯል። እኛ አገር ቦሎ የሚያስለጥፍ ሰው ይህን ያህል ታሪክ በእጁ ቢያገኝ ደላላውን ግማሽ ቀን አሳርፎት ነበር።

ታዲያ የትኛው?

ንጹሕ የሆነ፣ ያልተነካካ፣ ሰነዱ የተሟላ የመጀመሪያው ጂፒና በዚያው ደረጃ ያለ ሁለተኛው ጂፒ በተቀራራቢ ዋጋ ቢቀርቡ፣ ለማስቀመጥ የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ቢወስድ ይሻላል። ሱፐርቻርጀሩ፣ ዲፈረንሻሉ፣ የቤርቶኔ እጅ ያረፈበት መሆኑ፣ ቀዳሚነቱም ሌላ ሊያመጣቸው የማይችል ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለ መኪና ግን ከሚቀርቡት ውስጥ ጥቂቱ ነው። አብዛኛዎቹ የሚሸጡት ብዙ ኪሎ ሜትር የቆጠሩ፣ መዘውራቸው የተቀየረ፣ ከሥር የዛጉ ናቸው። ዋጋቸው ስለ ረከሰ ብቻ ወደነዚህ የሚሮጥ ገዥ፣ ያተረፈ መስሎት ለጋራዥ የሚሠራ ሰው ይሆናል። በዚያው ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ ሁለተኛ ጂፒ በሁሉም ረገድ ይበልጣል፤ በስድስት ዓመት ይወጣታል፤ ፍሬኑ ይሻላል፤ የመጨረሻው ባለ እጅ ማርሽ መሆኑንም ገበያው በሚገባ ዋጋ የሰጠው አይመስልም። ቅዳሜና እሑድ ሊነዳ የሚያስብ ሰው ያለ ማመንታት ወደ ሁለተኛው ቢሄድ አይጸጸትም።

ወደ አገር ቤት ለማስገባት የሚያስብ ካለ በሩ ዝግ መሆኑን ማወቅ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን በዕድሜያቸው ልክ ከፍተኛ ታክስ ከጣለባቸው በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚመለከተው በውጭ ኖሮ በውጭ የሚገዛውን ነው። እዚያም ቢሆን ድንበር አለ። ከጥር 2021 ጀምሮ ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሻገር መኪና በጉምሩክ ያልፋል። እንግሊዝ ውስጥ የተገዛው ጂፒ መሪው በቀኝ በመሆኑም ጀርመን ሲደርስ ፈላጊው ያንሳል። ወደ አሜሪካ ለመውሰድ የሚፈልግ ደግሞ አገሪቱ ለራሷ ገበያ ያልተሠራን መኪና ያለ ማሻሻያ የምታስገባው ከተመረተ 25 ዓመት ሲሞላው በመሆኑ፣ ለአውሮፓ የተሠራውን የመጀመሪያ ጂፒ እስከ 2031፣ በ2013 የተመረተውን ሁለተኛውን ደግሞ እስከ 2038 መጠበቅ ይኖርበታል።